ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው? ከጎተራ እስከ ጀሞ ስለምንጠጣው ውሃ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ «ውሃ አምጣልን» ብትሉ አስተናጋጁ ወዲያው ዞር ብሎ አይሄድም። «ባለ ጋዝ ነው ያለ ጋዝ?» ብሎ መልሳችሁን ይጠብቃል። በዚህች አጭር ጥያቄ ስንቱ ባልና ሚስት ይከራከራል! ባል «ለእኔ አምቦ፤ የበላሁትን ይፈጭልኛል» ይላል። ሚስት ደግሞ «ተው እንጂ፣ እሱ እኮ ጨጓራ ይልጣል፤ አጥንትም ያሳሳል ይባላል» ትላለች። አስተናጋጁ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፤ ክርክሩ ግን ሳይቋጭ ምግቡ ይቀርባል።

ለመሆኑ ማን ነው ትክክል? ጋዝ ያለው ውሃ ጋዝ እንደሌለው ውሃ ለጤና ይስማማል? ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ከቤተሰብ ጤናም፣ ከቤት ወጪም፣ ከእንግዳ አቀባበላችንም ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ዛሬ ክፍለ ከተማችንን ከጎተራ እስከ ጀሞ አብረን እንድንዞርና መልሱን መንገድ ላይ እንድንፈልገው እጋብዛችኋለሁ። ምቹ ጫማ አድርጉ፤ የሚጠጣም ያዙ!

በስሙ ነፋስ ያለበት ሰፈር

ከጎተራ ማሳለጫ ተነስተን በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ሳሪስ ስንወርድ ቀድመን የምናገኘው ክፍለ ከተማው ስሙን የወሰደበትን ነፋስ ስልክን ነው። ስሙ እንዴት ያለ ውብ ስም መሰላችሁ! ያለ ሽቦ የሚሠራው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ወደ አገራችን ሲገባ አባቶቻችን «ነፋስ ስልክ» አሉት። ሽቦ የለው፣ ገመድ የለው፤ ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ ነው ማለታቸው ነበር። ጣቢያው የነበረበት ሰፈርም በዚያው ስም ተጠርቶ ቀረ።

ዛሬ በዚሁ መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሌላ የማይታይ ነፋስ ታሽጎ ታገኛላችሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ለስላሳው፣ ከመሐል አምቦው፣ ከታች ሃይላንዱ ተደርድሯል። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ እኛ ግን የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን ፕላስቲኩን ሁሉ ሃይላንድ እንለዋለን። ጋዝ ያለውንም ውሃ እንዲሁ የትም ይታሸግ አምቦ ብለን እንጠራዋለን። ለስላሳውም ቢሆን ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም፤ የነፋስ ስልክ ፔፕሲ ፋብሪካ ስሙ ከሰፈሩ ስም ጋር ሲጠራ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ሰው ባለ ጋዙን ውሃ ከለስላሳው ጋር አንድ ወገን ያደርገዋል። ብዙው ግራ መጋባታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በመጀመሪያ አምቦ ውሃ ምን እንደሆነ እንይ።

ጋዙ ከየት መጣ?

አምቦ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ ትገኛለች። በቀድሞ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። የማዕድን ውሃዋ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በዚያ አካባቢ ከምድር ጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ይህ ውሃ በዓለቶች መካከል ሲያልፍ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሚባሉትን ማዕድናት እያሟሟ ይወጣል። አምቦ ውሃ ያን የራሱን ጣዕም ያገኘው ከዚህ ነው። በምሥራቅ በኩል ያደጋችሁ ደግሞ ባቢሌን ታውቁታላችሁ፤ እሱም በዚሁ ወገን የሚቆጠር ነው።

ሰው ይህን የተፈጥሮ ሥራ በእጁ ለማስመሰል የቻለው እ.ኤ.አ. በ1767 ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም የሳይንስ ተመራማሪም የነበረ ሰው መኖሪያው ከቢራ መጥመቂያ አጠገብ ነበር። ከሚፈላው ጥንስስ በላይ የሚንሳፈፈውን ጋዝ ከውሃ ጋር ቢያዋሕደው ውሃው ደስ የሚል መጎምዘዝ አገኘ። አሠራሩን በ1772 በመጽሐፍ አሳትሞ አወጣው። በ1783 ደግሞ ዮሐን ያኮብ ሽቬፐ የሚባል ሰው በጄኔቫ ለንግድ ማምረት ጀመረ።

ስለዚህ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ባለ ጋዝ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማዕድኑን ከምድር ይዞ የመጣ የማዕድን ውሃ ነው፤ ሌላው ተጣርቶ ጋዝ የተጨመረበት ተራ ውሃ ነው። የትኛው እንደሆነ በጠርሙሱ ላይ ያለው መለያ ይነግራችኋል። ሁለቱም ግን ስኳር የላቸውም። ከለስላሳ የሚለያቸው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ሌላ ጥያቄም አለ፤ ጥምን በማርካትና ሰውነትን በማራስ በኩልስ እኩል ናቸው? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በእንግሊዝ የተካሄደ አንድ ጥናት 72 ወንዶችን አሳትፎ 13 ዓይነት መጠጦችን አነጻጽሯል። ከተጠጣው ውስጥ ምን ያህሉ በሰውነት ውስጥ እንደቆየ ሲለካ ባለ ጋዙ ውሃ ከተራው ውሃ ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «አምቦ ውሃ አይቆጠርም» ለሚሉ መልሱ «ይቆጠራል» ነው።

ቄራና ጎፋ፦ ሥጋ፣ አምቦና ጨጓራ

አሁን በቄራ በኩል አድርገን ወደ ጎፋ እንለፍ። በዚህ መስመር ሥጋ ቤቱ ብዙ ነው። ጥሬው ይቆረጣል፣ ክትፎው ይለበለባል፣ ጥብሱ በሸክላው ላይ ይንጫጫል። ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አምቦ አይጠፋም። «ሥጋን ያለ አምቦ? አይታሰብም!» የሚል ሰው ሞልቷል። እምነቱ እንዲያው ልማድ ብቻ ነውን?

ጥቂት እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ በጣሊያን የተካሄደ ጥናት ምግብ የማይፈጭላቸውና የሆድ ድርቀት ያለባቸውን 21 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ነበር። ግማሾቹ ባለ ጋዝ ውሃ፣ ግማሾቹ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቢያንስ ለ15 ቀን ጠጡ። ባለ ጋዙን የጠጡት በሁለቱም ችግር የተሻለ እፎይታ አገኙ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ «መድኃኒት ነው» ለማለት አያበቃም፤ ነገር ግን «የበላሁትን ይፈጭልኛል» የሚለው ባል ከሜዳ ተነስቶ እንዳልተናገረ ያሳያል።

ሚስትስ? እርሷም አልተሳሳተችም። ጋዙ ሆድ ውስጥ ሲለቀቅ ጨጓራን ይወጥራል፤ ግሳትም ያመጣል። ቃር የሚያስቸግረው፣ የበላው ወደ ጉሮሮው የሚመለስበት ወይም ሆዱ ቶሎ የሚነፋ ሰው ሕመሙ ሊብስበት ይችላል። እርጉዝ እኅቶች በመጨረሻዎቹ ወራት ቃር ስለሚበዛባቸው ራሳቸውን ቢያዳምጡ መልካም ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ለባል ደስታ ለሚስት ሥቃይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት ዓይነት ውሃ ቢቀርብ ምን ነውር አለው?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። በከተማችን «ጨጓራዬን» የማይል ሰው ጥቂት ነው። አምቦ እየጠጡ ለወራት ሕመምን ማስታገስ አይገባም። ሕመሙ ከቀጠለ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሰገራ ከጠቆረ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሳሪስ፦ የልጆች ጥርስና የእናቶች አጥንት

ወደ ሳሪስ ዞር እንበል። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በየሱቁ ደጃፍ የሚሆነውን አይታችሁ ይሆናል። ልጆች በሳንቲማቸው ለስላሳ ይገዛሉ፤ አንዱ ጠርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለ ጥርስና ስለ አጥንት የምንሰማው ስጋት መነሻው እዚህ ነው፤ ክሱ ግን በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ወድቋል።

ጋዙ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ የሚባል ደካማ አሲድ ይሠራል። ሳይንቲስቶች የአሲድነትን መጠን ፒኤች በሚባል መለኪያ ይለካሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የጥርሳችን ጠንካራ ሽፋን ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን መሟሟት ይጀምራል። ባለ ጋዝ ውሃ እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 6 ባለው መካከል ይገኛል፤ የማዕድን ውሃ ባይካርቦኔቱ ስለሚያለዝበው ወደ ላይኛው ይጠጋል። ኮላ ግን 2.5 ገደማ ነው። ልዩነቱ የሁለትና የሦስት ቁጥር አይምሰላችሁ፤ በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የታተመ ጥናትም ባለ ጋዝ የማዕድን ውሃ በጥርስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ካለ ጋዙ ጥቂት ብቻ ከፍ እንደሚል፣ ለስላሳ መጠጥ ግን ከሁለቱም እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በለስላሳው ላይ ደግሞ ስኳሩ አለ። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል አሳስቧል። ልጁ ከትምህርት ቤት ደጃፍ እቤቱ ሳይደርስ የአዋቂውን ድርሻ ጨርሶታል!

አጥንትስ? በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ከ2,500 በላይ ሰዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ኮላ አዘውትረው የሚጠጡ ሴቶች የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት አንሶ እንደተገኘ ገልጿል። ኮላ ያልሆኑ ሌሎች ባለ ጋዝ መጠጦች ግን እንዲህ ያለ ውጤት አላሳዩም። ስለዚህ አጥንትን የሚያሳሳው ጋዙ ነው ለማለት ማስረጃ የለም። «አጥንት ያሳሳል ይባላል» የሚለው ወሬ ከኮላ ተነስቶ ያለ ጥፋቱ በአምቦ ላይ የተላከከ ነው።

ይህ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ ባለ ጋዝ ውሃ እየተጎነጩ መዋል ይሻላል ማለት አይደለም። ከምግብ ጋር መጠጣት ጥርስን ያተርፋል። ሎሚ ሲጨመርበት አሲዱ ይበረታል፤ ከኮካ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ውሃነቱ ይቀርና ለስላሳ ይሆናል። ለሕፃናትም እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላም የልጅ ውሃ ንጹሕ ተራ ውሃ ነው።

መካኒሳና ላፍቶ፦ ጨው የሚቆጥሩ ቤቶች

ከጎፋ ወደ መካኒሳ፣ ከዚያም ወደ ላፍቶ ስንዘልቅ መንደሩ ፀጥ ይላል። በዚህ አካባቢ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ከተማው ያረከሰው ወንዝ ነው፤ በዳርቻው ግን ጎመንና ሰላጣ ይለማል። አትክልቱን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ጎመኑንም በደንብ አብስሉ ብዬ ልለፍ።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ደም ግፊት ያለባቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆቻቸው ወጡን ያለ ጨው ሠርተውላቸው፣ ከጎኑ ግን አምቦ ያስቀምጡላቸዋል። የማዕድን ውሃ ሶዲየም አለው፤ ሶዲየም ደግሞ የጨው ዋና ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል፤ ይህም ከ5 ግራም ጨው፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጋር እኩል ነው። ለምሳሌ በመለያው ላይ በአንድ ሊትር 300 ሚሊ ግራም ሶዲየም ተጽፎ ብታገኙና አባታችሁ በቀን አንድ ሊትር ቢጠጡ፣ የቀኑን ልክ ከመቶ 15 እጁን በውሃ ብቻ አገኙ ማለት ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ አያስጨንቅም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በስፔን የተካሄደ ጥናት የወር አበባቸው የቆመ 18 ጤነኛ ሴቶች ሶዲየም የበዛበት ባለ ጋዝ የማዕድን ውሃ ለሁለት ወር ሲጠጡ የደም ግፊታቸው እንዳልጨመረ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከጤነኛ ሰው ጋር አይነጻጸርም። መለያውን አንብባችሁ ሐኪሙን ጠይቁለት።

እኅቴ ሆይ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምታስታውሺው አንቺ ከሆንሽ፣ ጠርሙሱንም አገላብጠሽ አንብቢለት። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ «ዛሬ ተራ ውሃ ይሁንልህ» ስትልህ ንፉግነት አይምሰልህ።

ጀሞ፦ የትኛው ተራ ውሃ?

ለቡ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አልፈን ጀሞ ደረስን። ኮንዶሚኒየሙ አራት ፎቅ ነው፤ ደረጃው ብዙ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ግፊቱ አንሶ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ታች በረንዳው ላይ ቢጫ ጄሪካን ተሰልፏል፤ ሮቶ ያለው ሮቶውን ይሞላል፤ የሌለው በበርሜል ያጠራቅማል።

እዚህ ላይ ጥያቄያችን መልኩን ይለውጣል። በሌላ አገር «ባለ ጋዙ ይሻላል ወይስ ተራው?» ሲባል ሁለቱም ንጹሕ መሆናቸው ታስቦ ነው። እኛ ግን «የትኛው ተራ ውሃ?» ብለን መጠየቅ አለብን። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ይለቀቅ እንጂ፣ ቧንቧ ሲሰበር ወይም ባልታጠበ ጄሪካን ሲጠራቀም መንገድ ላይ ሊበከል ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ «አተት» የተባለው በሽታ በከተማችን ሲሠራጭ ይህን ሁላችንም ተምረናል። በዚያ ወቅት የታሸገ ውሃ፣ ጋዝ ኖረውም አልኖረው፣ ካልታከመ የጄሪካን ውሃ ይሻል ነበር።

ይሁን እንጂ ለዕለት ተዕለት ኑሮ የታሸገ ውሃ መግዛት ለብዙዎቻችን አይቻልም፤ የግድም አይደለም። ውሃን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳቱ ላይ ይቆይ። ወይም ደግሞ ውሃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ በመለያው ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ። ጄሪካኑን በየጊዜው እጠቡ፤ ሮቶውን አስጠርጉ፤ ከበርሜል በኩባያ እየጠለቃችሁ አትጠጡ፤ ክዳን ያለውና ቧንቧ የተገጠመለት ዕቃ ይሻላል። ይህን ያደረገ ቤተሰብ በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚጠጣው ውሃ በጤና በኩል ከየትኛውም ጠርሙስ አያንስም።

እንግዳ ሲመጣ

የአገልጋይ ቤት እንግዳ አያጣም፤ የእናንተም እንደዚያው እንደሆነ አውቃለሁ። በአገራችን ለእንግዳ «ውሃ ብቻ» ማቅረብ እንደ ድህነት ይቆጠራል። ስለዚህ ወር ላይ ደመወዝ ሲያልቅ እንኳ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ ለስላሳና አምቦ በዱቤ ይመጣል። በሠርግና በምርቃት ደግሞ ሣጥኑ ይቆለላል፤ ግማሹ ጠርሙስ ተከፍቶ፣ ጥቂት ተጎንጭቶለት ይቀራል። ስንት ወጣት ጥንዶች ትዳራቸውን በእንዲህ ያለ ዕዳ ጀመሩ!

ከዞርነው መንገድ የያዝነው መልስ ለዚህም ይጠቅመናል። ባለ ጋዙ ውሃ ለብዙው ጤነኛ ሰው ከተራው ውሃ ጋር እኩል ነው፤ አያንስም፣ አይበልጥምም። እኩል ከሆነ ደግሞ አንዱን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ሌላውን መናቅ ለምን አስፈለገ? ለእንግዳችሁ ከሁለቱ በአንዱ ምክንያት ለስላሳ ልትገዙ ካሰባችሁ አምቦውን ምረጡለት፤ ስኳር የለውም። አቅም በሌለበት ቀን ደግሞ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በንጹሕ ማንቆርቆሪያ፣ ከፈለጋችሁ አንድ ቅጠል ናና ጣል አድርጋችሁበት፣ በፈገግታ አቅርቡ። እንግዳው የሚያስታውሰው ፊታችሁን ነው።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆይ፣ ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ተነጋገሩ። በቤታችን ቃር፣ ግፊት ወይም ኩላሊት የሚያመው ማን ነው? በወር ለጠርሙስ የምናወጣው ስንት ነው? የምናጠራቅምበት ዕቃ መጨረሻ የታጠበው መቼ ነው? ሦስቱን ከመለሳችሁ በሚቀጥለው ጊዜ አስተናጋጁ «ባለ ጋዝ ነው ያለ ጋዝ?» ሲላችሁ ሳትከራከሩ ትመልሳላችሁ። አንዱ አምቦ፣ አንዱ ተራ ቢያዝም ማዕዳችሁ አንድ ነው። ለጤናችሁ ይሁን!